ጥቆማ፦ በመዝሙረ ዳዊት ቃል የሚዘመር የባሮክ ካኖን ለመዘምራን

ጠያቂ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፍራንክፈርት አካባቢ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን አስተባብራለሁ። አዳራሹን ከሰጡን ጀርመኖች ጋር አብረን ልናመልክ ነው። ቃሉ ከመዝሙረ ዳዊት የሆነ፣ የባሮክ ዘመን (በአውሮፓ ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ገደማ) ካኖን ፈልገናል፤ አንዱ ቡድን ይጀምርና ሌላው ያንኑ ዜማ ይዞ ከኋላ የሚገባበት። ኖታ አንባቢ ጥቂት ነው ያለን። ምን ትሉናላችሁ? ኖታውስ የት ይገዛል?

ቴኖሩ፦ ኢንተርኔት ላይ እንዳትገዛ! እኔ የመዝሙር ካኖን ብዬ አዘዝኩ፣ የፓኬልቤል ካኖን መጣልኝ። እሱ የ3 ቫዮሊንና የባስ ነው፣ አንድ ቃል የለበትም! መልሱ ብላቸው የመላኪያውን ክፈል አሉኝ።

አልቶ፦ እኔም ተቃጥያለሁ። ገንዘቤን ለማስመለስ ስንት ኢሜይል ጻፍኩ።

ሽቱትጋርት፦ ካሩስን የመሰለ አሳታሚ የለም፣ በቃ። የጀርመናዊውን የዜማ ደራሲ የሹትስን «የዳዊት መዝሙሮች» ውሰዱ፣ በ1619 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው።

ባስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ካኖን ነው። ሹትስ እዚያ ላይ የጻፈው ለብዙ ኳየር፣ መሣሪያም ጨምሮ ነው። ኖታ የማያነቡ ሰዎች ይዘምሩት? በርቱ!

ሽቱትጋርት፦ ወረቀቱን አይተኸዋል? የካሩስ ኅትመት ለዓይን ይመቻል። እኔ ከእነሱ ሌላ አልገዛም።

እህታችሁ፦ ለምን የራሳችንን በገና አንደረድርም? ጀርመኖቹም ይወዱታል።

አልቶ፦ የእንግሊዛዊው የዜማ ደራሲ የታሊስ ካኖን ቀላል ነው፣ ሶፕራኖና ቴኖር (ቀጭኑ የሴቶችና ቀጭኑ የወንዶች ድምፅ) ይከታተላሉ።

ባስ፦ ውብ ነው፣ ግን ታሊስ በ1585 ሞቷል፣ ከባሮክ በፊት ነው። ጠያቂ፣ በጀርመናዊው የዜማ ደራሲ በሚካኤል ፕሬቶሪየስ ስም የሚታወቀውን «ዩቢላቴ ዴዎ» (በላቲን «ለእግዚአብሔር እልል በሉ») ያዙ። ሰውዬው ያረፈው በ1621 ነው፣ ባሮክ ሲጀምር ማለት ነው። ቃሉ የመዝሙር 100 መክፈቻ ነው፤ የላቲኑ ቁጥር እንደ ዳዊታችን 99 ስለሚል እንዳትደናገሩ። «ሃሌ ሉያ» ይጨመርበታል፣ ሌላ ቃል የለውም። እስከ ስድስት ድምፅ ይከፈላል፣ እናንተ ግን በሁለት ጀምሩ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ በቃሉ ይያዘው። ከዚያ ሴቶች ይጀምሩ፣ ወንዶች ይከተሉ። ሁለተኛው ቡድን ሲገባ የመጀመሪያው ድምፁን ዝቅ ያድርግ፣ አለዚያ መግቢያው አይሰማም። በአማርኛ «እልል በሉ» ካላችሁ ደግሞ ረጅሙን ኖታ «ሉ» ላይ ጣሉት፣ «ልል» ላይ ድምፅ አይሳብም። ኖታው ሲፒዲኤል በሚባለው የመዘምራን ኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፣ አውርዳችሁ አትሙ።

ጠያቂ፦ ተባረክ! አዳራሹ በጣም ያስተጋባል፣ ፍጥነቱን እንቀንስ?

ባስ፦ አዎ። ሲያልቅም ሁሉም በየደረሰበት ሐረግ መጨረሻ ላይ ይቁም፣ አንተ በእጅህ ዝጋው።

ቴኖሩ፦ ለማንኛውም ገንዘብ ቀድማችሁ እንዳትከፍሉ ብያለሁ።

እህታችሁ፦ ቴኖሩ፣ ያ የቫዮሊን ኖታ አሁንም አንተ ጋ ነው? እኛ ጋ ቫዮሊን የሚጫወቱ ልጆች አሉ፣ ከአንተ እንገዛዋለን።