ከሐረር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የጀጎሏ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ልወስዳት ነው። በአውቶብስ አልደፍርም፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ባለፈው ስንሄድ አሰበ ተፈሪ ሳንደርስ እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃ ነው የተጓዘችው። በአውሮፕላን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ቀጠሮዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ጠዋት ተነስተን በዚያው ቀን እንደርሳለን? ሁለታችንም ተሳፍረን አናውቅም።

ሳቢያን፦
ሐረር ኤርፖርት ስለሌለ የምትነሱት ከድሬ ነው። ከድሬ ቦሌ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረራው አንድ ሰዓት ያህል። በመኪና ከ500 በላይ የሚሆነው መንገዱ የጨርጨርን ተራሮች እየዞረ ስለሚሄድ ነው። ቲኬቱ ላይ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ብሎ ብታዪው ግራ አይግባሽ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትም ስለሚቆጠር ነው።

የደንገጎ ሹፌር፦
እኔ ሐረር ድሬ መስመር ላይ ነው የምሠራው። ጊዜ የሚበላባችሁ በረራው ሳይሆን ኤርፖርት መድረሱ ነው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ክፍት ከሆነ አንድ ሰዓት ይበቃል። ግን ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ከደራ መኪና ቶሎ አያሳልፍም፣ ከደንገጎ በታች ደግሞ ቁልቁለቱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ድሬ እስክትገቡ ከኋላው መንፏቀቅ ነው፣ ደርቦ ማለፍ አይሞከርም። ለእናትሽ ስትይ ኮንትራት ያዢ፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ፣ ስለዚህ ከቤት የምትወጡት አራት ሰዓት ቀድማችሁ ነው። ድሬ ሲደርሱ ሙቀቱ ሹራባቸውን ያስወልቃቸዋል፣ እንዳትተዪው፣ አዲስ አበባ ይፈልጉታል።

ከዚራ፦
አቦ ሰዓቱን በደንብ እዪ! ቲኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አክስቴ 08:20 የሚለውን ከቀኑ 8:20 መስሏት ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለልጆቿ ሐልዋ ገዝታ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ኤርፖርት ደረሰች። አውሮፕላኑ የሄደው ጠዋት 2:20 ነበር። ካርቶኗን ታቅፋ በሩ ላይ ስታለቅስ ሄጄ ያመጣኋት እኔ ነኝ። እዚያ ላይ የምታዪውን ሰዓት 6 ቀንሺለት፣ 13:40 ካለ ከቀኑ 7:40 ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ ከእኛ ካላንደር ጋር አመሳክሪ። ቲኬቱን ስትቆርጪ ደግሞ ለእናትሽ ዊልቸር አስመዝግቢ፣ አውሮፕላኑ ጋ ደረጃ አለ።

ሳቢያን፦
ጉዟችሁ ከታኅሣሥ 19 ወይም ከሐምሌ 19 ሰሞን ከሆነ ዛሬውኑ ቁረጪ። ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው ሰው ቦታ አያስተርፍም።

የጀጎሏ፦
አላህ ይስጥልኝ። 09:10 የሚል በረራ አይቼ ለቀጠሮዋ አይደርስልንም ብዬ ትቼው ነበር፣ ለካ ጠዋት 3:10 ነው! ግን የደንገጎውን መንገድ ሳስበው በዚያው ቀን መሄዱን ፈራሁት። ይኸው በረራ ከዋዜማው ቀን አለ፣ እሱን እቆርጣለሁ፣ አዳራችን እህቴ ቤት ይሆናል። ሹፌሩ፣ ከሸዋ በር ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ኮንትራት ታገኝልኛለህ?

የደንገጎ ሹፌር፦
እኔው ራሴ እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።