የእናቴ ዓይን ላይ የተሰፋው ሽፋን ጠርዙ ተነሳ፤ ምን ይሻላል?

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። እናቴ ኮርኒያዋ (ብርሃን የሚያስገባው የዓይን የፊት ክፍል) ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበራት። ሐኪሟ በልገሳ ከተገኘ እንግዴ ልጅ የተወሰደ ስስ ሽፋን ሰፋላት። መጀመሪያ «የማን እንግዴ ልጅ?» ብላ ደንግጣ ነበር። ለጋሿ ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ እንደምትመረመር፣ ሽፋኑም የደም ሥር ስለሌለው ሰውነት እምብዛም እንደማይቃወመው ሲነገራት ተረጋጋች።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። የሽፋኑ ጠርዝ በአፍንጫዋ በኩል ተነስቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይታያል። በሳምንታት ውስጥ ራሱ እንደሚሟሟ ተነግሮናል፤ ብዥታውም የሚጠበቅ ነው። ግን ክሩ ላልቶ ቢሆንስ? ይቆረቁራታል፤ መግል ግን የለውም። ቀጠሮው ሩቅ ነው፤ ስልክም የሚያነሳ ጠፋ። ጠብታውን እየቀጠልን እንጠብቅ ወይስ ነገ በጠዋት ይዣት ልሂድ? ይህ የተሰራላችሁ ካላችሁ፣ ሲሟሟ ከጠርዙ ነው የጀመረው?