ጥቆማ፦ የፍሊንክ ቼክፖይንት የት ይቀመጥ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የክፍያ መልእክቶችን ከካፍካ (የመልእክት ማስተላለፊያ) በፍሊንክ (የሚፈስ ዳታ ማቀናበሪያ) እያነበብን በየደቂቃው ቼክፖይንት (ጆቡ፣ ማለትም የፍሊንኩ ሥራ፣ ሲወድቅ የሚነሣበት ቅጂ) እንወስዳለን። ስቴቱ (ጆቡ እየሠራ የሚይዘው ዳታ) ሮክስዲቢ (በየማሽኑ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ዳታቤዝ) ላይ ነው፤ 40 ጊጋባይት ደርሷል። ማሽኖቹ የራሳችን ናቸው። ኤችዲኤፍኤስ (ሃዱፕ የተባለው የብዙ ማሽን ሥርዓት የፋይል ማከማቻ)፣ ሚንአዮ (በራስ ማሽን የሚተከል፣ እንደ አማዞን ኤስ 3 የሚሠራ ማከማቻ) ወይስ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋሩት የፋይል ማከማቻ)? የሞከረ ይንገረኝ።

የሌሊት ተረኛ፦ ኤንኤፍኤስን ተወው! እኛ ጋ ማከማቻው አንድ ሰርቨር ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ቼክፖይንቱ 10 ደቂቃ ጠብቆ ይወድቃል፣ ጆቡ እንደገና ይነሣል። ሲነሣ የሚያነበው ግን ከዚያው ከሞተው ሰርቨር ነው። እስኪነጋ ድረስ ሲወድቅ ሲነሣ አደረ።

ሰርቨር ክፍል፦ ሬይድ (አንድ ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ በብዙ ዲስክ ማስቀመጥ) አልነበራችሁም?

የሌሊት ተረኛ፦ ነበረን። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሬይድ ምን ያድርግ?

ሰርቨር ክፍል፦ ዩፒኤስ ያስፈልጋችኋል። ባትሪውንም በየጊዜው አስፈትሹ።

የሃዱፕ ሰው፦ ኤችዲኤፍኤስ። 8 ዓመት ተጠቀምኩበት፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ሌላው ወሬ ነው።

ኮድ ጸሐፊ፦ ሃዱፕ የሌለው ሰው ለቼክፖይንት ብሎ ኔምኖድ (የኤችዲኤፍኤስ ዋና ሰርቨር) ይትከል? ለአንድ ኪሎ ጤፍ ከባድ መኪና ተከራይ እንደ ማለት ነው።

የሃዱፕ ሰው፦ እኔ ኤችዲኤፍኤስ ብያለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሮክስዲቢን ትታችሁ ስቴቱን ሚሞሪ ላይ አድርጉት። በጣም ይፈጥናል።

ዳታ መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ስቴት ባክኤንድ ጆቡ እየሠራ ስቴቱ የሚኖርበት ነው። የቼክፖይንት ማከማቻ ደግሞ ማሽን ሲሞት የሚነበበው ቅጂ ያለበት ነው። ከፍሊንክ 1.13 ጀምሮ በሴቲንግም ተለያይተዋል። ቼክፖይንቱን ጆብ ማኔጀር (ጆቡን የሚመራው የፍሊንክ ክፍል) ሚሞሪ ውስጥ ማስቀመጥም አይሆንላችሁም፤ ካልቀየራችሁት የአንድ ስቴት ገደቡ 5 ሜጋባይት ነው።

ጠያቂ፣ ሃዱፕ ከሌላችሁ ሚንአዮን በብዙ ማሽን ላይ ዘርግታችሁ ትከሉ። አንድ ማሽን ላይ ከተከላችሁት ከላይ ያለው ታሪክ ይደገማል። ፍሊንክን ከእንዲህ ዓይነት ማከማቻ ጋር ከሚያገናኙት የኤስ 3 ፕለጊኖች የፕሬስቶውን ያዙ፤ የፍሊንክ ሰነድ ለቼክፖይንት የሚመክረው እሱን ነው። ኢንክሪመንታል ቼክፖይንትን አብሩ፣ ራሱ አይበራም። ያኔ በየደቂቃው 40 ጊጋው ሁሉ አይጫንም፣ አዲሱ ብቻ ነው የሚሄደው። በዕድሜ እየቆጠረ ፋይል የሚያጠፋ ደንብ ግን እዚያ ባኬት (የቼክፖይንት ፋይሎቹ ያሉበት የሚንአዮ ማኅደር) ላይ እንዳታደርጉ! የዛሬው ቼክፖይንት የድሮ ፋይሎችን ይዞ ነው የሚኖረው። በመጨረሻ አንድ ታስክ ማኔጀር (ጆቡን የሚያስኬደው የፍሊንክ ክፍል) ሆን ብላችሁ ግደሉና ለመነሣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰርቨር ክፍል፣ የዩፒኤስ ባትሪ ስንት ዓመት ይቆያል?

ሰርቨር ክፍል፦ የተለመደው ዓይነት ከ3 እስከ 5። ክፍሉ የሚሞቅ ከሆነ ከዚያ ያነሰ።