ያረጀ ኤሌክትሪክ ሳይክል የት ይሠራ? ለመሀል አዲስ አበባ ጥቆማ

«ኤሌክትሪክ ሳይክሌ ቆማብኛለች፣ የት ላሠራት?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዝቷል። አይገርምም። የኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ የሳይክል መንገድ ሲዘረጋ፣ ብዙ ሰው ዕቃ ቤት የከረመች ሳይክሉን አውጥቶ አቧራዋን አራገፈ። አንዳንዷ ተነስታ ሄደች። ሌላዋ መብራቷ ይበራል፣ ጎማዋ ግን ንቅንቅ አይልም። ባለቤቷ ቅርብ ወዳለው ሱቅ ይገፋታል። ሻጩ ገና ሳይነካት «ባትሪው ሞቷል ወንድሜ፣ ቀይረው» ይለዋል።

ባትሪ ከሳይክሏ ዕቃ ሁሉ ውዱ ነው። በግምት አይቀየርም። ስለዚህ የኔ ጥቆማ ከየትኛውም ጥገና ቤት በፊት ቮልት ከሚለካው ዕቃ፣ ከቴስተር ይጀምራል። መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ታገኙታላችሁ። ርካሹ ዲጂታል ይበቃል። ዲሲ ቮልት በትክክል ካነበበ ሌላ ነገር አትጠይቁት።

ባትሪው ላይ የተጻፈውን እዩ። የተለመደው 36 ቮልት ሊቲየም ከሆነ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 42፣ 48 ቮልት ከሆነ ደግሞ 54.6 ማሳየት አለበት። ያረጀ ባትሪ ከዚህ ትንሽ ቢጎድል አትደንግጡ። ሙሉ ካሳየም ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ቆሞ ሲለካ ሁሉም ባትሪ ጀግና ነው። ጉዱ የሚወጣው ጭነት ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከተማችን ዳገት አልነሳችንም። ከለገሃር ተነሱና በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ዲስፕሌዩ ቮልት የሚያሳይ ከሆነ ዓይናችሁን እሱ ላይ ጣል አድርጉ። በባለ 48 ቮልቱ 52 የነበረው ዳገቱ ላይ 40 አካባቢ ወርዶ ሞተሩ ጠፋ? ቆም ስትሉ ደግሞ ተመልሶ ወደ 50 ወጣ? እንግዲያው ጥርጣሬው ባትሪው ላይ ነው። ባለ 48 ቮልቱ ውስጡ ሴል የሚባሉ ትናንሽ ባትሪዎች፣ በተከታታይ በተያያዙ 13 ረድፎች አሉት። አንዱ ረድፍ ብቻ ሲደክም፣ ቢኤምኤስ የሚባለው ባትሪው ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ ካርድ ሴሉ እንዳይጎዳ ብሎ ሁሉንም ይዘጋል። ሜዳ ላይ ሽው የምትል፣ ዳገት ሲመጣ የምትሞት ሳይክል ብዙውን ጊዜ ችግሯ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ «ከፍታው ነው» የሚላችሁን አትስሙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ እውነት ነው። ትንፋሽ የሚያጥረው ግን የቤንዚን ሞተር ነው። የኤሌክትሪኩ አየር አይፈልግም።

ባትሪ ለመፍረድ ከመቸኮላችሁ በፊት ግን ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የፍሬን እጀታ ነው። ውስጡ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ሥራዋ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩን ማቋረጥ ነው። እጀታው ካረጀ ወይም የክረምት ጭቃ ከገባበት ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም። ያኔ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ፍሬን የተያዘ ይመስለዋል። መብራት አለ፣ ቮልት ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ግን ጭጭ። ሞተር ያለበትን ጎማ ከመሬት አንሱና የሁለቱን እጀታዎች ሶኬት ነቅላችሁ ሞክሩ። ጎማው ከዞረ ጥፋቱን አገኛችሁት። ለሙከራ ብቻ ነው ታዲያ፤ ሶኬቱን እንደነቀላችሁ ቁልቁለት እንዳትወርዱ።

ሁለተኛው ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሦስት ወፍራም ሽቦዎች ናቸው። በአብዛኛው ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። የአንድ ጎረቤቴ ሳይክል ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትሄድም ነበር፤ አንድ ቤት «ሞተር ይቀየር» ብሎታል። ሌላ ባለሙያ ዘንድ አብረን ሄድን። ልጁ ከኮርቻው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተ። የሽቦዎቹን የላስቲክ ሽፋን በጥፍሩ ገለጥ አደረገው። የቢጫው መገናኛ ቡናማ ሆኗል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከአረንጓዴው ጋር ተጣብቋል። የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ መገናኛ በየደ፣ ሸፈነው፣ አለቀ። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ዝናብ የሚገባበትና ዝገት የሚጀምረው እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ላይ ነው። እንዲህ የላላ መገናኛ ባትሪው ዘንድ ካለም ዳገት ላይ የሚጠፋውን የባትሪ ድካም ያስመስላል። ስለዚህ ሁሉንም ሶኬት በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ዳገት ወጥታችሁ ከሳይክሏ እንደወረዳችሁ የሚሞቅ ካለ እሱን ያዙ።

አሁን ወደ «የት» እንምጣ።

የኔ አንደኛ ምርጫ የሳይክል ሱቅ አይደለም። ቴሌቪዥን፣ አምፕሊፋየርና ፓወር ሰፕላይ የሚጠግን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። መርካቶ ሞልተዋል። ፒያሳ የነበሩ ብዙ ትናንሽ ሱቆች ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ተነስተዋል፤ የድሮ ባለሙያችሁ ስልክ ካላችሁ የት እንደገባ ደውላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ «ሳይክል አንሠራም» ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ሳይክሏን አትውሰዱላቸዋ! ቻርጀሩን ወይም ኮንትሮለሩን ፈትታችሁ ለብቻው ይዛችሁ ሂዱ። ቻርጀር ማለት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ እሱን በየቀኑ ይጠግናሉ። እኛ አገር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመታው ቻርጀር ነው። ባትሪው ላይ የሚሰካው ጫፉ ላይ ለኩ። የ48 ቮልት ሊቲየም ቻርጀር 54.6 አካባቢ ካልሰጠ ባትሪያችሁ ንጹሕ ሆኖ ነው የተወነጀለው።

ቻርጀር አዲስ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር በጥንቃቄ። ለእርሳስ አሲድ ባትሪ የተሠራ «48 ቮልት» ቻርጀር 58 ወይም 59 ቮልት ድረስ ይወጣል። ሶኬቱ ሊገጥም ይችላል። ሊቲየም ላይ ግን መቼም እንዳትሰኩት። ሻጩ «ያው ነው» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ኮንትሮለር ተበላሽቶ እንደሆነ ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። ኃይሉን አጥፉና ጎማውን በእጃችሁ ወደ ኋላ አሽከርክሩት። ግትር እያለ፣ እየያዘ ከዞረ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ንቀሉና እንደገና ሞክሩ። አሁን ከቀለለ የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው። ካልቀለለ ችግሩ ሞተሩ ወይም ወደ እሱ የሚገባው ሽቦ ነው። ይህን አውቆ የሄደ ሰው ላይ ማንም አይቀልድም።

የኤሌክትሪክ ስኩተርና ሞተር ሳይክል የሚሸጡ ቤቶች ሁለተኛ ምርጫዬ ናቸው። ጥሩ ጎናቸው ኮንትሮለር፣ ጋዝ እጀታና ቻርጀር መደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው። ደካማ ጎናቸው መጠገን አለመውደዳቸው ነው። ፈትቶ ከመፈለግ መቀየር ይቀላቸዋል። የሚሰጧችሁም ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ለሳይክላችሁ የሚበዛ አምፔር ያለው ኮንትሮለር ሊሆን ይችላል። እሱ ያረጀ ባትሪን በአንድ ዳገት ያደክመዋል። የድሮውን ኮንትሮለር ይዛችሁ ሂዱና ቮልቱና አምፔሩ አንድ መሆኑን አስተያዩ።

የሰፈር ሳይክል ሠሪና ጎሚስታ ለከመነዳሪ፣ ለካቴና፣ ለፍሬንና ለቸርኬ ማቅናት አቻ የላቸውም። ሽቦ ግን አታስነኳቸው። ሞተር ያለበትን ጎማ ሲፈቱም አጠገባቸው ቁሙ። ሽቦው የሚወጣው በመሀል ብረቱ በኩል ነው፣ በቀላሉ ይቆረጣል። ዳዶው ሳይጠብቅ ከቀረ ደግሞ ብረቱ ራሱ ይዞርና ሽቦውን ጠቅልሎ ይበጥሰዋል።

የሞተር ውስጥ የመዳብ ሽቦ እንደገና የሚጠቀልሉ ቤቶች መጨረሻ ናቸው። የጎማ ውስጥ ሞተር ጥቅሉ የሚቃጠለው ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የሞተሩን አዟዟር ለኮንትሮለሩ የሚነግረው ሆል ሴንሰር ነው፤ ትንሽ ዕቃ ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ይቀይረዋል። የሚንኳኳና የሚፈጭ ድምፅ ካለ ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ አልቆ ሊሆን ይችላል።

እና ባትሪው እውነትም ከሞተስ? ከአሮጌ ላፕቶፕ በወጣ ሴል «እንሰበስብልሃለን» የሚሏችሁን ተዉ። ርካሽ ነው፣ አዎ። ግን የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሴሎች እኩል አይደክሙም፣ እና ከላይ ያልኩት የአንዱ ረድፍ ችግር ወዲያው ይመለሳል። ሁሉም ሴል አዲስና አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በስፖት ብየዳ ከተያያዘ፣ ባትሪውን በአዲስ ሴል ማሠራቱ ጥሩ አማራጭ ነው። ሠሪው ሴሉን በብየዳ ካውያ ሲያግል ካያችሁት ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በቀላሉ ይገኛል፣ ግን ክብደቱ! ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው አልመክርም።

«ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያመጣልኛል» የምትሉም አላችሁ። ባትሪ አይሆንም። በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ከ160 ዋት-አወር (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ክልክል ነው። 48 ቮልት 10 አምፔር-አወር ባትሪ ደግሞ ሲባዛ 480 ዋት-አወር ነው። ኮንትሮለር፣ ቻርጀር፣ የፍሬን እጀታ ግን በደስታ አስመጡ።

ያበጠ ወይም የሚሸት ባትሪ ካላችሁ ጥገና ቤት ለመውሰድ ብላችሁ እንኳ ቻርጅ አታድርጉት። ደረጃ ሥርም አታስቀምጡት።

ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ፣ የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ስትጠይቁ «48 ቮልት ባትሪ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። አምፔር-አወሩን ጨምሩበት፤ ባለ 8ና ባለ 15 በዋጋ አይገናኙም።