መምህራኑ ዝም ብለዋል፣ ከየት ልጀምር?

ምክትሏ
ሰላም ለሁላችሁም። ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ትምህርት ቤት 9 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መምህራኑን በደንብ አውቃቸዋለሁ። አሁን ያስጨነቀኝ ዝምታቸው ነው። ድሮ ስብሰባ ላይ "ይሄማ አይሆንም" ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬ ቃል ሳይተነፍሱ ፈርመው ይወጣሉ። ደወል ሲደወል ቦርሳቸውን ይዘው ውልቅ ነው።

ነገሩ ከየት እንደተበላሸ እገምታለሁ። በሴሚስተሩ አጋማሽ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ተቀየረ። ምክንያት ነበረው፤ ሁለት መምህራን በአንድ ሳምንት ለቀው ክፍሎች ያለ አስተማሪ እየዋሉ ነበር። ግን አዲሱ ፕሮግራም ማታ በስልክ ግሩፕ ተላከ፣ ከሥሩም "ከነገ ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል" ተብሎ ተጻፈ፣ በቃ። ጠዋት ክፍል ገብተው ከተማሪ የሰሙም አሉ። ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሁላችን ቀድመው ገብተው ከሁላችን በኋላ ነው የሚወጡት። እሳቸው "መልእክቱ ተልኳል እኮ" ይላሉ፣ መምህራኑ ደግሞ "ማን ጠየቀን?" እኔ መሃል ላይ ነኝ። አሁን ለሁሉም የምስጋና ወረቀት እንስጥ የሚል ሐሳብ መጥቷል። ይጠቅማል ትላላችሁ?

የፊዚክስ መምህር
እህቴ፣ ወረቀቱን ለጊዜው ተይው። የተከፋ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ምስጋና ሲሰጡት አፉን ሊያስይዙት የመጡ ነው የሚመስለው።

እኔ 21 ዓመት አስተምሬያለሁ። ፕሮግራም ስንት ጊዜ ተቀይሮብኛል፣ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ደርሶኝ አላኮረፍኩም። የሚያመው ከተማሪ መስማቱ ነው። አርባ ልጅ ፊት ቆመሽ አንዱ "ቲቸር፣ የዛሬው ክፍለ ጊዜ የእርስዎ አይደለም" ሲልሽ አስቢው። ያ ክፍል ነገ እንዴት ያዳምጥሻል?

አንድ የማልረሳው አለቃ ነበረኝ። የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠየቅኩት። "አሁን አልችልም፣ ገንዘብ የለም፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ አስታውሰኝ" አለኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሱ ራሱ መጥቶ አስታወሰኝ። ዕቃው የተገዛው ግማሹ ብቻ ነው። ግን ለዚያ ሰው ቅዳሜም ብሠራ ቅር አይለኝም ነበር።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር
ልጄ፣ የአንቺ አለቃ የሠሩትን እኔም ሠርቼዋለሁ። ከወሰንኩ በኋላ ስብሰባ እጠራለሁ፣ አምስት ደቂቃ ሲቀር "አስተያየት ያለው?" እላለሁ። ሰው ዝም ሲል ተስማምቷል ብዬ እዘጋለሁ። አንዲት ጎበዝ መምህርት ልትለቅ ስትል በመጨረሻው ቀን ቢሮዬ ገብታ የልቧን ነገረችኝ። የሦስት ዓመት ነገር ነበር! አንዱንም ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ መናገር እንደማይለውጥ ገብቷት ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ለየብቻ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ማነጋገር ጀመርኩ። ጥያቄዬ ሁለት ነበር፦ ጊዜህን በከንቱ የሚበላው ምንድን ነው? በእኔ ቦታ ብትሆን መጀመሪያ ምን ትለውጣለህ? አልከራከርም፣ እጽፋለሁ። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ስብሰባ ጠርቼ ይህን አስተካክለናል፣ ይህን አንችልም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ይሄኛውን ደግሞ እስከዚህ ቀን መልስ እሰጣለሁ አልኩ። "አንችልም" ስል ያኮርፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን በጣም ያመኑኝ እሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። አለቃሽን ዘለሽ እንዳትሄጂ። በር ዘግተሽ ለብቻቸው ንገሪያቸው፤ "መምህራኑ እንዲህ ይላሉ" አትበይ፣ ያየሽውን ተናገሪ። ደግሞም "አነጋገሬ ልክ አልነበረም" የሚለውን ለመምህራኑ መናገር ያለባቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ አንቺ ልትይላቸው አትችይም።

የትምህርት አመራር ተማሪ
ፊዚክስ መምህሩ ያሉት ከምንማረው ጋር ይገጥማል። ብራይክ እና ሽናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ ትምህርት ቤቶች ስለ መተማመን ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ሰው የሚተማመነው አራት ነገር አይቶ ነው ይላሉ፦ መከበር፣ የሥራ ብቃት፣ ከሥራው ውጪም ስለ ሰውየው ማሰብ፣ ቃልና ተግባር መግጠም። ርዕሰ መምህርሽ በብቃቱ የሚታሙ አይመስለኝም። የተጎዳው የመጀመሪያው ነው።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ሐሳብ አለ። ሥራን የሚያስወድዱ ነገሮችና ሥራን የሚያስጠሉ ነገሮች የተለያዩ ናቸው ይላል። ምስጋና ከመጀመሪያዎቹ ነው፣ የአስተዳደር አሠራር ከሁለተኛዎቹ። ስለዚህ ምስጋናው መልካም ነው፣ ግን የአስተዳደሩን ቁስል አያድንም።

አዲስ መምህር
ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ እለያለሁ። ሁላችሁም ስለ አነጋገር ነው የምታወሩት። የለቀቁት የሁለቱ መምህራን ክፍለ ጊዜ ማን ላይ ተጫነ? በትህትና ቢጠይቁኝም በሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ ከተጨመረብኝ ማታ የማርመው ደብተር ያው ነው። ጠይቃችሁን ስታበቁ አንድ ነገር ቀንሱልን። እኛ ጋ ለምሳሌ አንዱን ሳምንታዊ ሪፖርት ሁለት ቦታ እንሞላለን፣ አንደኛውን የሚያነበው የለም። እሱ ቢቀር እኔ በበኩሌ እንደ ምስጋና እቆጥረዋለሁ።

ምክትሏ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አዲሱ መምህር፣ ያልከው እኛም ጋ አለ፤ ሁለተኛውን ቅጽ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አስቀርተነዋል።

ርዕሰ መምህሩን ሐሙስ በር ዘግቼ አነጋገርኳቸው። ከተማሪ የሰሙ መምህራን እንዳሉ አያውቁም ነበር። ዝም ብለው ቆዩና "ማን ማን ናቸው?" አሉኝ። ስም አልሰጠሁም። ስብሰባ ላይ ተሳስቻለሁ ለማለት ገና ልባቸው አልፈቀደም፣ ግን ከእንግዲህ ለውጥ ሲኖር መምህራን ከተማሪ ቀድመው በአካል ይነገራቸው በሚለው ተስማምተዋል። ለየብቻ ማነጋገሩንም ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ ልንይዝ ነው። ትናንት ጀመርኩ። የመጀመሪያው በአራት ደቂቃ ውስጥ "ልሂድ?" አለኝ። ሁለተኛዋ አርባ ደቂቃ ተቀመጠች፣ መጨረሻ ላይ አለቀሰች። ነገ የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ተራ ነው፤ ድሮ ከሁሉም በላይ ይከራከር የነበረው እሱ ነው።