ሞኖሳይትና ኒውትሮፊል በኢምፒዳንስ መለኪያ ለምን ይደባለቁብኛል?

ቀጭን_ቦይ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቀይ የደም ሕዋሳትን ካስወገድኩ በኋላ ነጮቹን (ሊምፎሳይት፣ ሞኖሳይትና ኒውትሮፊል የሚባሉትን ዓይነቶች) አንድ በአንድ በማይክሮፍሉይዲክ ቺፕ፣ ማለትም በጣም ቀጫጭን የፈሳሽ ቦዮች ባሉት ሰሌዳ ውስጥ እያሳለፍኩ፣ በኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሚያሳዩት ተቃውሞ) ለክቼ ሞኖሳይቶችን ለብቻ ለማውጣት እየሞከርኩ ነው። ቦዩ 100 ማይክሮሜትር ስፋትና 50 ማይክሮሜትር ቁመት አለው፤ የምለካውም በ500 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ሊምፎሳይቶች በትንሽነታቸው ሲለዩ፣ ሞኖሳይትና ኒውትሮፊል ግን አንድ ክምር ይሆናሉ፤ ምልክቱም ከመሣሪያው የራሱ መዋዠቅ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ በዳይኤሌክትሮፎሬሲስ (ወጥ ባልሆነ የኤሌክትሪክ መስክ ሕዋስን በመሳብ ወይም በመግፋት) ወደ አንድ ጎን ልስባቸው ብሞክር፣ ፍሪኩዌንሲውን ብቀያይርም ከኤሌክትሮዱ ይሸሻሉ እንጂ አይሳቡም። ሕዋሳቱ ያሉት በፒቢኤስ (በፎስፌት የተመጠነ ጨዋማ ፈሳሽ) ውስጥ ነው። ስህተቱ የት ላይ ይሆን?

ዶቃ_ቆጣሪ፦
በመጀመሪያ ቦዩ ለሕዋሱ በጣም ሰፊ ነው። ዲያሜትሩ 9 ማይክሮሜትር የሆነ ሕዋስ ይዘቱ 380 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው የመለኪያ ርዝመት 50 ማይክሮሜትር ነው ብንል፣ የእርስዎ ቦይ 250,000 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ፈሳሽ ይይዛል፤ የሚታየው ለውጥ ከሩብ በመቶ በታች ይሆናል ማለት ነው። ቦዩን ወደ 40 በ30 ቢያጠቡት ምልክቱ አራት እጥፍ ያህል ያድጋል። ኤሌክትሮዶቹ በወለሉ ላይ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ወደ ታች ተጠግቶ ያለፈ ሕዋስ ከትክክለኛ መጠኑ ገዝፎ ይታያል፤ ከላይና ከታች ፊት ለፊት የተቀመጡ ኤሌክትሮዶች ይህን ይቀንሱታል።

ዋናው ችግር ግን ፍሪኩዌንሲው ነው። በ500 ኪሎኸርዝ የሕዋሱ ሽፋን አሁንም በአብዛኛው እንደ መከላከያ ስለሚሠራ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚለኩት ይዘትን ነው። አሜሪካዊው ፈጣሪ ዋላስ ኩልተር በ1953 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት የሕዋስ መቁጠሪያ ያነበበውም ይህንኑ ነበር። ወደ 2 ሜጋኸርዝ ሲጠጉ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በካፓሲታንስ (ሽፋኑ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅሙ) በኩል ሽፋኑን ማለፍ ይጀምራል፤ የሞኖሳይት ሽፋን ደግሞ ይበልጥ የታጠፈና የተሸበሸበ በመሆኑ ካፓሲታንሱ ከፍ ይላል። ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች በአንድ ጊዜ ይልኩና የከፍተኛውን ምልክት ለዝቅተኛው ያካፍሉ፤ የመጠን ተጽዕኖ በብዛት ይጠፋል፣ ክምሩም ለሁለት ይከፈላል። ለማነጻጸሪያ 10 ማይክሮሜትር የሆኑ የፖሊስታይሪን ዶቃዎችን እዚያው ናሙና ውስጥ ቢቀላቅሉ ይበጃል።

ጨዋማ_ውኃ፦
ስለ መሳቡ ልጨምር። ፒቢኤስ ኤሌክትሪክን ከሕዋሱ በተሻለ ስለሚያስተላልፍ፣ ሕዋሳቱ በተለመደው ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ይገፋሉ፤ ጉድለቱ ከእርስዎ አይደለም። መሳብ ከፈለጉ 8.5 በመቶ ሱክሮስ ያለበት ዝቅተኛ ጨው ፈሳሽ ይሠራል። ሆኖም ሕዋሱ በውስጡ ሲቆይ ጨዎቹን ቀስ በቀስ ያጣል፤ የሚለኩት ባሕርይም አብሮ ይለወጣል። እኔ የምመርጠው በፒቢኤስ ለክቶ፣ ለፈሳሹ ፍሰት በሰያፍ በተጋደሙ ኤሌክትሮዶች በመግፋት ማዞርን ነው። ቮልቴጁን ግን ሳይጠነቀቁ አይጨምሩ፤ ጨዋማ ፈሳሽ ቶሎ ይሞቃል።

ቀጭን_ቦይ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መግፋቱን እሞክራለሁ። ሕዋሱን የሚገፋው የመለያ ክፍል ከመለኪያው 1 ሚሊሜትር ይርቃል፤ ፍሰቱ በሴኮንድ 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ ሕዋሱ ከተለካ ከ10 ሚሊሴኮንድ በኋላ የሚገፉትን ኤሌክትሮዶች ማብራት ይበቃል?

ዶቃ_ቆጣሪ፦
ለአማካዩ ይበቃል፤ ነገር ግን ከግድግዳው አጠገብ ያለ ሕዋስ ይዘገያል። ስለዚህ በሁለት ተከታታይ የመለኪያ ክፍተቶች መካከል የፈጀበትን ጊዜ ይዘው የእያንዳንዱን ፍጥነት ለየብቻ ያስሉ። ናሙናውንም ያቅጥኑ፦ በ40 በ30 ቦይ፣ በሚሊሊትር 100,000 ሕዋሳት ቢኖሩ እንኳ፣ በዚያ 1 ሚሊሜትር ውስጥ ሌላ ሕዋስ አብሮ የመገኘቱ ዕድል 11 በመቶ ገደማ ነው፤ ከተመረጠው ጋር ሳይፈለግ ሊገፋ የሚችለው ያ ነው።