ፓራውልቱ ሲወርድ የተገኘው ባዶ ሶኬት ምንድነው?

ሳሚ፦ ሰላም ወገኖች። መኪናዬ ያሪስ ነች፣ ፎግ ላይት (የጉም መብራት) የላትም። ሰሞኑን ለቀለም የፊት ፓራውልቷን ሲያወርዱት በግራም በቀኝም በጥቁር ቴፕ የታሰረ ባዶ ሶኬት አየሁ። የጓደኛዬ ተመሳሳይ መኪና ግን ይህ የላትም። ፋብሪካው መብራቱን ሳይገጥም ሽቦውን ለምን ይዘረጋል? መብራት ገዝቼ ብሰካበትስ ይሠራል?

ሄኖክ፣ ከጀርመን፦ ሳሚ፣ ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። የመኪና ሽቦ አንድ በአንድ አይገጠምም። ሁሉም ተጠቅልሎ፣ አንድ ትልቅ እስር ሆኖ ነው መገጣጠሚያው የሚደርሰው። እስሩን ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው የሰው እጅ ነው። በ2022 ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር እዚያ ያሉት የሽቦ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ እዚህ የፎልክስቫገንና የቢኤምደብሊው መገጣጠሚያዎች ሥራ አቋረጡ። በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም።

አሁን አሥር አማራጭ ያለው መኪና አስብ። ለእያንዳንዱ አማራጭ "ያለው"ና "የሌለው" እየተባለ እስር ቢሠራ 1,024 ዓይነት ይወጣል! ያን ሁሉ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሳይሳሳቱ መግጠም ራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ብዙ ገዢ የሚወስደው ከሆነና ሽቦው ቀጭንና አጭር ከሆነ ለሁሉም ይዘረጉታል። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያዘው ከሆነ ወይም ተጎታች ለመሳብ እንደሚያስፈልገው ረጅም ሽቦ ከሆነ ይተዉታል። መዳብ ውድ ነው፣ ክብደትም ይጨምራል። የጓደኛህ መኪና ለሌላ አገር ገበያ የተሠራች ልትሆን ትችላለች። ብዙ የጀርመን ፋብሪካዎች ግን እስሩን በየትዕዛዙ ልክ ስለሚያሠሩ እነሱ ላይ ትርፍ ሶኬት ብዙ አትጠብቅ።

ጋሽ ታደሰ፣ የመኪና ኤሌክትሪሽያን፦ ልጄ፣ ሶኬት ስላየህ ብቻ መብራት እንዳትገዛ። የፊውዝ ሳጥኑን ክፈትና የፎጉን ቦታ ፈልግ። ቀዳዳው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት ካለ ሽቦው እስከዚያ ደርሷል። ባዶ ፕላስቲክ ከሆነ መስመሩ አልተሟላም። የሪሌውንም (ማብሪያው ሲነካ ለመብራቱ ኃይል የሚያገናኘው ዕቃ) ቦታ እንዲሁ እይ። መሪው ጎን ያለው ማብሪያ የፎግ ምልክት ከሌለው እሱም ይቀየራል። ከትልቁ መብራት ሽቦ ላይ ቀጥሎ ማውጣት የተለመደ ነው፤ በፍጹም እንዳታሠራ። ሽቦው ግሎ መኪና ያቃጥላል።

ሳሚ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ። ከፈትኩት፤ የሁለቱም ቦታ ብረት አለው፣ ሪሌው ራሱ ግን የለም።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲያው ቀላል ነው። ሪሌና ፊውዝ ግዛ፣ ማብሪያውን ቀይር። ፊውዙ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው አምፒር አይብለጥ። መብራቱን ከመግዛትህ በፊት ግን ሶኬቱ ጋ ኃይል መድረሱን በመሞከሪያ አምፖል አረጋግጥ።